ከፍሮንት-ኢንድ ወደ ሲስተም ፕሮግራሚንግ፦ በየት በኩል ልግባ?

ፒክስሏ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሥራዬ ፍሮንት-ኢንድ (ተጠቃሚው የሚያየው የድረ ገጽ ክፍል) ነው። ቀኑን ሙሉ ከታይፕስክሪፕትና ከሪአክት ጋር ነው የምውለው። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ልቀይረውም አላሰብኩም።

ነገር ግን የምጠቀምባቸውን መሣሪያዎች ልብ ብዬ ሳይ አንድ ነገር ገረመኝ። ኢኤስቢልድ የተጻፈው ጎ በሚባል ቋንቋ ነው። ኤስደብሊውሲ በራስት ነው። ባን ሲጀመር በዚግ ነው የተጻፈው። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የታይፕስክሪፕት ኮምፓይለር (ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም) ራሱ ወደ ጎ እየተዛወረ መሆኑ ተነገረ። የምጽፈው ኮድ በሙሉ በእነዚህ በኩል ያልፋል። አንዱ ሲበላሽ ግን ከፍቼ ላነበው አልችልም። ይሄ ነገር ከነከነኝ።

ስለዚህ አንድ የሲስተም ቋንቋ (ከሜሞሪና ከማሽኑ ጋር በቅርበት የሚሠራ) በደንብ መማር ፈልጌያለሁ። ልቤ ከራስትና ከሲ መሃል ነው። ሲን ሳላውቅ ራስት ብጀምር መሠረት ይጎድለኛል? ኮምፒውተር ሳይንስ አልተማርኩም። ፖይንተር፣ ስታክ፣ ሂፕ የሚባሉትን በስም ነው የማውቃቸው። ያለፋችሁበት ሰዎች ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ነባር_ሲ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እኔ የምልሽ በሲ ጀምሪ ነው። ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራው ትንሽ ቋንቋ አድርጎ ነው የሠራው። ዛሬም ትንሽ ነው። ሰዋስዉን ቶሎ ትጨርሺዋለሽ። የሚከብደው ሜሞሪ ነው፤ ልትማሪ የመጣሽውም እሱን ነው። ጃቫስክሪፕት ላይ ኦብጀክት ትፈጥሪያለሽ፣ ከዚያ ትረሺዋለሽ፣ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ ይጠርገዋል። ሲ ላይ በማሎክ የወሰድሽውን በፍሪ የምትመልሺው አንቺ ራስሽ ነሽ።

አንድ ነገር ሞክሪ። ሦስት ነገር የያዘ ስትራክት ጻፊ፦ መጀመሪያ ባለ 1 ባይት ቻር፣ ቀጥሎ ባለ 4 ባይት ኢንት፣ መጨረሻ ላይ ሌላ ቻር። ስትደምሪው 6 ባይት ነው። ሳይዝኦፍ ብለሽ ስትጠይቂ ግን በተለመዱት ማሽኖች ላይ 12 ይልሻል። ኢንቱ አድራሻው በ4 የሚካፈል ቦታ ላይ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ከፊቱ 3 ባዶ ባይት ይገባል፣ መጨረሻው ላይም 3 ይጨመራል። አሁን ሁለቱን ቻሮች ጎን ለጎን አድርጊያቸው። 8 ሆነ። ከስትራክቱ ምንም ሳታወጪ ሲሶው ቀለለ። እንዲህ ያለ ስትራክት አንድ ሚሊዮን ቢኖርሽ የ4 ሚሊዮን ባይት ልዩነት ነው። ጃቫስክሪፕት ይህን አያሳይሽም።

ባይት_ቆጣሪ

ጋሽ ነባር ያሉት ልክ ነው። የስትራክቱን ሙከራ እኔም ላገኘሁት ሰው ሁሉ አሳያለሁ። መነሻው ላይ ግን አልስማማም። ለፍሮንት-ኢንድ ሰው የምመክረው ራስትን ነው።

ሲ ስትሳሳቺ ዝም ይላል። የለቀቅሽውን ሜሞሪ መልሰሽ ብታነቢ ፕሮግራሙ ዛሬ ይሠራል፣ ነገም ይሠራል፣ ከነገ ወዲያ ተጠቃሚ እጅ ላይ ይወድቃል። ለብቻው ለሚማር ሰው ይህ ዝምታ ከባድ ነው። ልምድ ያላቸውም አላመለጡም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳስታወቀው በየዓመቱ ከሚጠግናቸው የደህንነት ክፍተቶች 70 በመቶ ያህሉ ከሜሞሪ ጋር የተያያዙ ናቸው። የክሮሚየም ቡድንም በ2020 ስለ ከባድ የደህንነት ባጎቹ ተቀራራቢ ቁጥር አውጥቷል። የራስት ኮምፓይለር እዚያው ያስቆምሻል። የት ላይ እንደሆነ አስምሮ ያሳይሻል፣ ብዙ ጊዜ መፍትሔም ይጠቁማል።

መሣሪያዎቹም እንግዳ አይሆኑብሽም። ካርጎ የኤንፒኤምን ሥራ (ፓኬጅ ማምጣትና ማስተዳደር) ይሠራል፣ ቴስትና ቢልድም ይጨምራል። ኮድ የሚገመግመው ክሊፒ ለኢኤስሊንት ቅርብ ነው። ታይፕስክሪፕት ላይ በዩኒየን ታይፕ የምትሠሪውን እዚህ በኢነም (የአማራጮች ታይፕ) እና በማች (አማራጩን በሚለየው) ትሠሪዋለሽ። ኖል የለም፣ አንዲፋይንድ የለም። አንድ ዋጋ ላይኖር የሚችል ከሆነ ኦፕሽን ተብሎ ታይፑ ላይ ይጻፋል፣ ሳታጣሪውም አትነኪውም።

የሚያሳስተው ይኸው መመሳሰሉ ነው። አንድ ስትሪንግ (ጽሑፍ) «ሀ» በሚባል ቫሪያብል ያዝሽ እንበል። ቀጥለሽ «ለ» ለሚባል ሌላ ቫሪያብል ሰጠሽው። ጃቫስክሪፕት ላይ ሁለቱንም መጠቀም ትችያለሽ። ራስት ላይ «ሀ» ከዚያ መስመር በኋላ የለም። ብትነኪው ኮምፓይለሩ «ተዛውሯል» ይልሻል፤ የስህተት ቁጥሩ ኢ0382 ነው።

ለምን? በ64 ቢት ማሽን ላይ አንድ ስትሪንግ ስታክ (ፋንክሽኑ ሲያልቅ ራሱ የሚጸዳ ሜሞሪ) ላይ 24 ባይት ነው፦ የፊደሎቹ አድራሻ፣ ርዝመቱ፣ የተያዘለት ቦታ መጠን። ፊደሎቹ ራሳቸው ሂፕ (ተጠይቆ የሚያዝና የሚለቀቅ ሜሞሪ) ላይ ናቸው። «ለ» ሲመጣ እነዚያ 24 ባይቶች ብቻ ይገለበጣሉ። «ሀ»ም «ለ»ም ባለቤት ሆነው ቢቀጥሉ ፋንክሽኑ ሲያልቅ ሁለቱም ያንኑ ሂፕ ሊለቁ ነው። አንድ ቦታ ሁለቴ ተለቀቀ ማለት ነው። ራስት ይህን የሚከለክለው ለእያንዳንዱ ዋጋ አንድ ባለቤት ብቻ በመፍቀድ ነው። ባለቤቱ ሲያልቅ ዋጋው ይለቀቃል። ጋርቤጅ ኮሌክተር የማያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሌላውን ሁሉ እየሠራሽ ትለምጂዋለሽ። አንድ መስመር ባየሽ ቁጥር ግን «የዚህ ባለቤት ማነው?» ብለሽ ጠይቂ። የሲስተም ቋንቋ ትምህርት ለእኔ እዚህ ጥያቄ ላይ ነው ያለው።

ዋዜማ

ጎ የሚባለውን ቋንቋም አትርሱ። ዓላማዋ ለራሷ መሣሪያ መጻፍ ብቻ ከሆነ በጎ ቶሎ ትደርሳለች። ሆኖም ጎ ጋርቤጅ ኮሌክተር አለው፤ የሜሞሪውን ጥያቄ ራሱ ይመልስልሻል። አንቺ ደግሞ ውስጡን ማየት ነው የፈለግሽው። ዚግ ደስ የሚል ቋንቋ ነው፣ ግን 1.0 ስላልደረሰ ነገሮች ይለዋወጡበታል። ለመጀመሪያ አልመክረውም።

ፒክስሏ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በራስት ጀመርኩ። ቋንቋው ራሱ በነፃ የሚያቀርበውን መመሪያ እያነበብኩ፣ የራስትሊንግስን መልመጃዎች እየሠራሁ ነው። የጋሽ ነባርን ስትራክትም በሲ ጽፌ አየሁት፤ እውነትም 12።

አሁን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። «ሰላም» የሚል ስትሪንግ ይዤ በሌን ርዝመቱን ጠየቅኩ። 9 አለኝ። ጃቫስክሪፕት ላይ ሌንግዝ ስለው 3 ነው የሚለኝ። የመጀመሪያውን ፊደል በቁጥር ኢንዴክስ ላወጣው ስሞክር ደግሞ ኮምፓይለሩ ጭራሽ እምቢ አለ።

ባይት_ቆጣሪ

በጣም ጥሩ ቦታ ላይ ነው የቆምሽው። ራስት የሚቆጥርልሽ ባይት ነው። የራስት ስትሪንግ ሁልጊዜ በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ዘዴ) ነው የሚቀመጠው። በዩቲኤፍ-8 የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ይበቃዋል፣ የእኛ ፊደል ግን 3 ይፈጃል። ሦስት ፊደል በሦስት ባይት፣ 9።

ጃቫስክሪፕትም ቢሆን ፊደል እየቆጠረልሽ አይደለም። የሚቆጥረው የዩቲኤፍ-16 ባለ 2 ባይት ክፍሎችን ነው። የእኛ ፊደል በአንድ ክፍል ስለሚገባ 3 ሆኖ ገጠመልሽ። አንድ የፈገግታ ኢሞጂ ሌንግዙን ጠይቂው፤ 2 ይልሻል።

በኢንዴክስ የከለከለሽም ለዚሁ ነው። የፊደሎቹ ስፋት እኩል ስላልሆነ «አምስተኛው ፊደል» የት እንዳለ ለማወቅ ከመጀመሪያው ጀምሮ መቁጠር ግድ ነው። ኢንዴክስ ደግሞ ወዲያው የሚደርስ መስሎ ይታያል። ራስት ያንን ድብቅ ወጪ አልፈለገም። ፊደል በፊደል መሄድ ከፈለግሽ ቻርስን ተጠቀሚ። በባይት ስትቆርጪ ተጠንቀቂ፦ ከ«ሰላም» ከ0 እስከ 3 ብትቆርጪ «ሰ»ን ታገኛለሽ። ከ0 እስከ 2 ብትይ ግን ፊደሉ መሃል ላይ ስለሚያርፍ ፕሮግራሙ ፓኒክ አድርጎ ይቆማል።

ነባር_ሲ

ሲም ብትጠይቂው 9 ነው የሚልሽ፤ ፋይልሽ በዩቲኤፍ-8 እስከተቀመጠ ድረስ። ስትርሌን ዜሮ ባይት እስኪያገኝ መቁጠር ነው ሥራው። ፊደል መሃል ላይ ብትቆርጪ ግን ማንም አያስቆምሽም። እዚህ ላይ ባይት_ቆጣሪ ያለው ልክ ነው።

ፒክስሏ

አሁን ገባኝ። የፎርም ርዝመት ገደብ ስሠራ ፍሮንት-ኢንዱና ዳታቤዙ ለምን እንደማይስማሙ ሁልጊዜ ግራ ይገባኝ ነበር። አንዱ ባይት፣ ሌላው ሌላ ነገር ነው የሚቆጥሩት ማለት ነው።

ሌላ ጥያቄ። የሥራ ዝርዝር የያዘ ቬክተር (ሊያድግ የሚችል ዝርዝር) አለኝ። የመጀመሪያውን ሥራ በሪፈረንስ (ባለቤት ሳልሆን፣ በውሰት) ያዝኩት። ቀጥዬ በፑሽ ሌላ ሥራ ጨመርኩ። ከዚያ ቅድም የያዝኩትን ልጽፍ ስል ኢ0502 መጣ። «ለንባብ ስለተዋስሽው ለለውጥ መዋስ አትችይም» ነው ነገሩ። መጨረሻው ላይ ነው የጨመርኩት፤ የመጀመሪያውን አልነካሁትም። ምን ቸገረው?

ኩርባ

እኔ ልመልስ፤ ይህን ስህተት በጣም ነው የምወደው።

ቬክተር ሂፕ ላይ የተወሰነ ቦታ ይዞ ነው የሚጀምረው። ለ4 የሚሆን ቦታ ያዘ እንበል። 4ቱ ሞሉ። አምስተኛውን ፑሽ ስታደርጊ ቦታ የለም። ስለዚህ ሌላ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል፣ ያሉትን ወደዚያ ያዛውራል፣ አሮጌውን ይለቃል። አንቺ የያዝሽው ሪፈረንስ የሚያመለክተው አሮጌውን ቦታ ነው። ያ ቦታ አሁን የማንም አይደለም። መጨረሻው ላይ መጨመርሽ የመጀመሪያውን ነካው ማለት ነው።

ይህንኑ በሲ++ ብትጽፊው ኮምፓይል ያደርጋል። ቦታ ተርፎ ከነበረ በትክክል ይሠራል፤ ካልነበረ የተለቀቀ ሜሞሪ ታነቢያለሽ። እንደ ዝርዝሩ ርዝመት አንዳንዴ የሚመጣ፣ አንዳንዴ የሚጠፋ ባግ ነው። ራስት ሕጉን ቀላል አድርጎ አስቀመጠው፦ ወይ ብዙ አንባቢ፣ ወይ አንድ ለዋጭ፤ ሁለቱ ባንድ ላይ አይሆኑም።

ሪአክት ላይ ስቴትን በቀጥታ አትለውጪውም አይደል? ሌላ ቦታ እያነበበው ያለ ኮምፖነንት እንዳይሳሳት ብለሽ አዲስ ኮፒ ትሰጫለሽ። ስጋቱ አንድ ነው፤ የሚነበብ ነገር ከስር እንዳይለወጥ። ራስት ኮፒ ሳያስፈልግ፣ በኮምፓይለር አስጠበቀው።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። መጀመሪያ አንብበሽ ጨርሺ፣ ከዚያ ፑሽ። ከ2018 እትም ወዲህ ውሰቱ የሚያበቃው ለመጨረሻ ጊዜ በተጠቀምሽበት መስመር ላይ ነው፤ ብሎኩ እስኪዘጋ አይጠብቅም። ወይም በሪፈረንሱ ፋንታ ኢንዴክሱን ያዢ። ወይም ክሎን አድርጊው፤ ሙሉ ኮፒ ማለት ነው። የስህተቱን ቁጥር ይዘሽ ራስትሲን (ኮምፓይለሩን) በኤክስፕሌይን ብትጠይቂው ማብራሪያ ከነምሳሌው ያወጣልሻል።

ነባር_ሲ

ክሎኑን በኋላ ብታደርጊው እመርጣለሁ። ኮምፓይለሩ በጮኸ ቁጥር ክሎን ከጻፍሽ ጩኸቱ ይቆማል፣ ትምህርቱም አብሮ ይቆማል።

ባይት_ቆጣሪ

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ጀማሪ ሰው ሦስት አዲስ ነገር ባንድ ጊዜ መሸከም የለበትም። ክሎን ያድርግና ፕሮግራሙ ይሂድ። ክሎን ኮዱ ላይ በግልጽ የተጻፈ ነው። በኋላ ፈልጎ አንድ በአንድ «ይሄ ኮፒ የግድ ነበር?» እያሉ ማውጣት ይቻላል። ያ ራሱ ጥሩ ልምምድ ነው።

ነባር_ሲ

ተመልሶ የሚያወጣው ከሆነ እስማማለሁ። ብዙ ሰው አይመለስም፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ቀጥታ_መስመር

ፒክስሏ፣ ሳትጠይቂ አንድ ነገር ልጨምር፤ የፍሮንት-ኢንድ ሰው ሁሉ ይሄን መንገድ ሲጀምር ዓይኑ ዌብአሴምብሊ (እንደ ራስትና ሲ++ ባሉ ቋንቋዎች የተጻፈ ኮድ ብራውዘር ውስጥ የሚሮጥበት ቅርጽ) ላይ ያርፋል። ቴክኖሎጂው ድንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 በደብሊው3ሲ ይፋ ስታንዳርድ ሆኗል። ፊግማ ብራውዘር ውስጥ የሚሮጠውን የዲዛይን ሞተሩን የጻፈው በሲ++ ነው፣ የሚሮጠውም በዌብአሴምብሊ ነው። ግን ራስት ለመማር ብለሽ የሪአክት ገጽሽን ወደ ዌብአሴምብሊ አታዛውሪ። ዌብአሴምብሊ ዶምን (ብራውዘሩ የገጹን ክፍሎች የሚይዝበትን ዛፍ) በቀጥታ አይነካም፤ በጃቫስክሪፕት በኩል ነው የሚሄደው። ስትሪንግ ባሻገርሽ ቁጥር ከአንዱ ሜሞሪ ወደ ሌላው ይገለበጣል፣ ከዩቲኤፍ-16 ወደ ዩቲኤፍ-8ም ይቀየራል። በተን ተጭኖ ጽሑፍ ለሚቀይር ገጽ ወጪው እንጂ ጥቅሙ አይታይም። ምስል ማቀናበር፣ ትልቅ ፋይል መተንተን፣ ብዙ ስሌት ያለበት ነገር ሲመጣ ያኔ ያዋጣል።

አሲንክም (እየጠበቀ ሌላ ሥራ የሚያስኬድ ኮድ) ላይ ልብ በይ። ጃቫስክሪፕት ላይ አሲንክ ፋንክሽን ስትጠሪ ሥራው ወዲያው ይጀምራል። ራስት ላይ ብትጠሪው አዌይት እስክታደርጊው ወይም ለራንታይም (እነዚህን ሥራዎች ለሚያስኬደው ላይብረሪ) እስክትሰጪው ምንም አይሠራም። ራንታይሙም ከቋንቋው ጋር አይመጣም፤ አብዛኛው ሰው ቶኪዮ የሚባለውን ይጨምራል። ለጊዜው ግን አሲንክን ተይው። ያለ እሱ ብዙ የምትማሪው አለ።

ፒክስሏ

ዌብአሴምብሊ ላይ ሐሳቤን በትክክል ነው ያነበብከው፤ ልጀምር ነበር። ታዲያ ምን ልሥራ?

ኩርባ

የምታውቂውን ነገር ከውስጥ ሥሪው። ሲኤስኤስ (የገጽ ማስዋቢያ) ፋይል ተቀብሎ ቶከን በቶከን (ቃል፣ ቁጥር፣ ምልክት እያለ) የሚከፋፍል ትንሽ ፕሮግራም ጻፊ። የሲኤስኤስን ሕግ ስለምታውቂ ጭንቀትሽ ራስቱ ብቻ ይሆናል። ኢነም፣ ማች፣ ኦፕሽን፣ ሪዛልት፣ ስትሪንግ መቁረጥ፣ ፋይል ማንበብ፤ ሁሉም ይገቡበታል። በኋላ ኮሜንትና ትርፍ ባዶ ቦታ አውጥቶ የሚያሳጥር ታደርጊዋለሽ።

ዶምን የመሰለ ዛፍ ግን ለመጀመሪያ አትምረጪ። ወላጅ ልጁን ይይዛል፣ ልጅም ወላጁን መልሶ ያመለክታል። ባለቤቱ ማነው? ራስት ላይ እዚያ ጥያቄ ውስጥ ተዘፍቀው ተስፋ የቆረጡ ሰዎች አይቻለሁ። ሲመጣብሽ ሁሉንም ኖዶች አንድ ቬክተር ውስጥ አስቀምጪና እርስ በርስ በኢንዴክስ ይጠቋቆሙ። ባለቤቱ ቬክተሩ ይሆናል፣ ነገሩም ይፈታል።

ፒክስሏ

ሠራሁት! ኮሜንት፣ ስትሪንግ፣ ቁጥር፣ ቅንፍ፣ ሁሉንም ይለያል። ያልተዘጋ ኮሜንት ሲያጋጥመው በሪዛልት (ውጤት ወይም ስህተት በሚይዘው ታይፕ) በኩል የመስመሩን ቁጥር ይነግረኛል። በጣም ደስ ብሎኛል።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ግን አለ። ለማነጻጸር ያንኑ በጃቫስክሪፕት ጽፌ ነበር። ትልቅ ፋይል ስሰጣቸው የራስቱ ዘገየ። እንዴት ሊሆን ይችላል? እያንዳንዱ ቶከን ውስጥ ጽሑፉን ቱስትሪንግ አድርጌ (አዲስ ስትሪንግ ፈጥሬ) ነው የማስቀምጠው። ካርጎ ረን ብዬ ነው የማስኬደው።

ባይት_ቆጣሪ

እንኳን ደስ አለሽ! መልሱ መጨረሻ የጻፍሻቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ነው።

ካርጎ ረን ብቻውን የሚሠራው በዲበግ ሁኔታ ነው። ቶሎ ኮምፓይል እንዲያደርግ ኮዱን አያፈጥነውም። ኢንቲጀር ከልኩ ሲያልፍም እያጣራ ፓኒክ ያደርጋል። ፍጥነት ስትለኪ ሪሊዝ የሚለውን ጨምሪበት። እዚያ ላይ ግን የኢንቲጀሩ ማጣሪያ በነባሪ ጠፍቶ ቁጥሩ ዞሮ ከመጀመሪያው ይነሳል። ስለዚህ ቴስትሽን በዲበግም አስኪጂው።

ሁለተኛው ቱስትሪንጉ ነው። እያንዳንዱ ቶከን ሂፕ ላይ የራሱን ቦታ እየያዘ ነው። «ከለር» የሚለው ቃል ፋይሉ ውስጥ ሺህ ጊዜ ካለ ሺህ ጊዜ ትገለብጪዋለሽ። ጽሑፉ ግን እኮ ቀድሞውንም ሜሞሪ ላይ አለ፤ ስታነቢው የያዝሽው ትልቁ ስትሪንግ ውስጥ። ቶከኑ ከዚያ ላይ ይዋስ። የተዋሰ የስትሪንግ ቁራጭ በ64 ቢት ማሽን ላይ 16 ባይት ነው፤ አድራሻና ርዝመት ብቻ። ሂፕ አይነካም።

ይህን ስታደርጊ ኮምፓይለሩ ላይፍታይም ይጠይቅሻል፤ ስትራክትሽ ላይ ያቺን ነጠላ ጭረት ያላትን ምልክት ትጽፊያለሽ። አትደንግጪ። የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ቶከኑ ከምንጩ ጽሑፍ በላይ አይኖርም። ምንጩ ቀድሞ ከተለቀቀና ቶከኑን ልትጠቀሚ ከሞከርሽ ኮምፓይል አያደርግም። በሲ ይህን ዓይነት ፕሮግራም ስትጽፊ ይህን ስምምነት በጭንቅላትሽ ነው የምትይዢው፤ እዚህ ታይፑ ላይ ተጽፏል።

ነባር_ሲ

በሲ እንዲህ ያለ ቶከናይዘር ብዙ ጽፌያለሁ፤ አድራሻና ርዝመት ይዞ ከምንጩ ላይ ማመልከት አሮጌ ዘዴ ነው፣ በጣም ፈጣንም ነው። ምንጩን መቼ እንደምለቅ ግን ሁልጊዜ ኮሜንት ላይ እጽፍ ነበር። ኮምፓይለር ሲጠብቀው ማየት ደስ ይላል።

ሁለቱን ለውጥ ባንድ ጊዜ አታድርጊ እህቴ። መጀመሪያ በሪሊዝ ለኪ። ከዚያ ቱስትሪንጎቹን በውሰት ተኪና ደግመሽ ለኪ። የትኛው ምን ያህል እንዳፈጠነው ለይተሽ እንድታውቂ ነው። ውጤቱን እዚሁ ለጥፊልን።